የቢጫው ጀሪካን ዛፍ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳሙና በር ላይ፣
ጀሪካን ተሰልፎ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳይ፣
ገመድ ነው ስማቸው፤
ቀይ ጨርቅ ያሰረው የሙጭት፣ ክዳን ያጣው የባሻ ይርሳው፣
ድንጋይ የተጫነው የማን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ተራ አለው።

እኔ መስመር ከፋች ነኝ።
የብረቱን ቁልፍ በትከሻዬ ይዤ፣
ከሎዛ እስከ አዘዞ ጨለማውን ተጉዤ፣
ለአንዱ ሰፈር ከፍቼ በሌላው የምዘጋ፣
ሲመሽ ተረግሜ የምመረቅ ሲነጋ።

«ይህን ዛፍ» አለችኝ ሙጭት፣ ጀሪካኗን አገላብጣ፣
«ማነው የሚያጠጣው? ከየት አገር ነው የመጣ?»
ቢጫው ሆድ ላይ፣ ግማሹ በጥፍር ተፍቆ የለቀቀ
ዘንባባ፤ ከጉያው ቀይ ፍሬ የታጨቀ።
ለሆሳዕና በጣታችን ቀለበት ከምናስረው
ይለያል፤ ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ጠጥቶ ያደረ ነው።
ዘይቱ ካለቀ ሁለት ክረምት አልፏል፤ እሷ ግን ትላለች፦
«ዛሬም ውኃው ላይ ትንሽ የዘይት ዓይን አለች፤
ልጠጣ ጎንበስ ስል ታየኛለች።»

አገሩን አላውቀውም። ዝናቡ ብዙ ነው አሉ።
ዝናብ ስለበዛ ውኃ ይበቃል የሚሉ
ይምጡና የእኛን ሐምሌ ይጠይቁ፤
ቀሃን አስጩኾ የወረደው ጎርፍ፣ ጥር ላይ የት እንደገባ ይወቁ።
እዚያም ቦይ ዳር የቆመ፣ እንደኔ እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው
ይኖር ይሆናል፤ ሲሞላ የሚያስተነፍሰው፣
ሲጎድል የሚገድበው።
ጥቁሩ ረግረግ ከደረቀ ከሆዱ ይነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤
«ውኃውን ከሥሩ አታርቁት» ብሎ የሚጮህ ሰው፣
ከታች ያለው መንደር የፋብሪካ እጣቢ እንዳይጠጣ የሚሟገተው፣
ስሙን ማን ይጽፈዋል ጀሪካን ላይ?

አባቴ ደንቢያ ውስጥ የውኃ አባት ነበር።
ዱላው ላይ ሦስት ጭረት፤
አንዱ ለራስጌ ማሳ፣ አንዱ ለመሃል፣
ሦስተኛው፣ ረጅሙ፣ ለግርጌ ይውላል።
«ራስጌ ያለው» ይል ነበር፣ «ውኃን ስታልፍ ያያታል፤
ግርጌ ያለው ስትቀር ነው የሚያውቃት።»
ነጭ ሽንኩርት የተከለ ወንድሙን፣ በሌሊት
ቦይ ሲሰብር ይዞ ቀጣው።
እስከ ፋሲካ አልተነጋገሩም።
ውኃው ግን ግርጌ ደረሰ።

ትናንት የኑግ መጭመቂያ ያለው አቶ ቢያድግልኝ
በጋዜጣ የጠቀለለውን «ለሻይ» ብሎ ሰጠኝ።
«ሁለት ሰዓት ብቻ፤ ማሽኑን ላጥብበት፣ ማንም አያይህ።»
እጄ ተዘርግታ ነበር፤ ምን ብዬ ልዋሽህ፣
ቤት ኪራይ አለብኝ።
ከዚያ ያቺ የዘይት ዓይን ታየችኝ።
«እጣቢህን አጥልልና መልሰህ እጠብበት» አልኩት፣
«ብረት የውኃ ወግ አያውቅ፣ አንደኛ ይሁን ሁለተኛ።»
ሳቀ። ሳቁ አራዳ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

አሁን ቁልፉን አዞርኩ። መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፤
ቧንቧው ያስላል፣ ያጓራል፣ ዝገት ይተፋል፣
ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ድንጋዩ ከተራው ይወርዳል።
ሙጭት ዘንባባዋን ወደ ቦኖው አዙራ አስጠጋች፤
«ዛሬ እሱም ይጠጣ» አለች።
እኔ የአባቴን ሦስተኛ ጭረት በልቤ እየቆጠርኩ፣
ግርጌ ላሉት፣ ለአዘዞዎች፣ ሩብ ሰዓት አስተረፍኩ።