የግራ እጅ ቡና

አዳማ፣ ፍራንኮ ጋ፣ ባጃጁ ተገልብጦ አንጓዬ ሲሰበር፣
መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ መርፌዬ ነበር፤
ቀጥሎ ስለ ቡና።
ሐኪሙ ሳቀና
«ስድስት ሳምንት» አለኝ፣ «ከባድ ነገር አታንሺ፣
አትጠምዝዢ፣ አታሺ።»

ቤት ገብቼ ጀበናዬን አየሁት።
ሃያ ዓመት ሙሉ ክንዴን ነበር የማመሰግነው፣
ለካ ቡና የሚቀዳው አንጓ ነው፤
ያቺ ቀስ ብላ የምትዞር፣ የምታዘነብል፣
ስትደክም እንኳ «ደከመኝ» የማትል።
በግራዬ ሞከርኩ፤
ሲኒውን ሳትኩ፣
ጠረጴዛው ጠጣ፣
አተላው ከታች ተነሥቶ ከላይ ወጣ።

ወንድሜ ተረፈ ከሞጆ ሲመለስ
ወገበ ቀጭን ብረት አመጣ በፌስታል ጠቅልሎ፣
«ሞካ ይሉታል፣ ምድጃ ላይ ጣጂው» ብሎ።
ታችኛው ሆዱ ውሃ፣ መሐሉ ቡና፣ ላዩ ባዶ፤
አጓራ፣ ተንተከተከ፣ ቡናው ወጣ ተገዶ።
መራራ ነበር፤ ግን ክፉ መራራ አይደለም፣
ሳያባብል እንደሚናገር አጎት፣ አያስጠላም።
ችግሩ ብሎኑ ነው።
ተረፈ በሁለት እጁ አጥብቆ የዘጋውን
በጉልበቴ መሐል ይዤ፣ በጥርሴ መንከስ ብቻ ሲቀረኝ፣
አልፈታ አለኝ።
ቡና ለመጠጣት ማክሰኞን መጠበቅ ሆነ፣
የወንድሜን ፈረቃ።

ኩለኒ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ሆቴል ነው የምትሠራ፣
ጆሮው የተሰነጠቀ ብርጭቆ አመጣች፣ መጫኛ ዘንግ ያለው፤
«በቃ መጫን ነው እትዬ፣ እጅም አይጠይቅ።»
እውነቷን ነው፤ በክርኔ ጫንኩት።
ዳሩ የኛ ቡና ዱቄት ነው፣ ወንፊቱን አልፎ
ጥርሴ ላይ አደረ ተሰልፎ።
«ሻካራ ይሁን» አለች፤ እሷው ወቀጠችልኝ፣
ግማሽ ስብር፣ ግማሽ ደቃቅ፣
ልክ እንደ አንጓዬ ራጅ።
ያን ቀን ጥሩ ነበር፤ ወፍራም፣ ዘይት ያለው።
ማታ ሳጥበው ከግራ እጄ አመለጠ፤
አሁንም ስጠርግ ከአልጋዬ ሥር ስባሪው ይወጣል።

ከአብዱልናስር ሱቅ የኤሌክትሪኩን ገዛሁ፣
ቁልፉን መጫን ብቻ፤
ሁለት ቀን ነገሥኩ።
በሦስተኛው መብራት ሄደ።
ከመስኮቴ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ እነዚያ ነጫጭ ማማዎች
ነፋሱን ይፈጩታል ቀንም ሌትም፤
ዱቄቱ ግን እኛ ሰፈር አይደርስም።

በጨለማው ተቀምጬ አሰብኩ።
አንድ ክንድ አቡጀዲ ነበረኝ፣ ከትራስ ልብስ የተረፈ።
በሻማ፣ በግራ እጄ፣ በእጅ መርፌ፣
ሾጣጣ ከረጢት ሰፋሁ፤
ስፌቱ እንደ ሰካራም እርምጃ ወዲያ ወዲህ ይላል፤
ተማሪዬ እንዲህ ብትሰፋ
አስተረትራት ነበር።
ፔርሙዙ አፍ ላይ በሽቦ አንጠለጠልኩት፣
ቡናውን ጨመርኩ፣ ጋዝ ምድጃዬ ላይ የፈላውን ውሃ
በጭልፋ፣ በጭልፋ።
መጠምዘዝ የለ፣ ማዘንበል የለ፤
ጠብታው መንገዱን ራሱ ያውቃል።
የመጀመሪያው ሙጫ ሙጫ አለ፤ ደፋሁት።
ሁለተኛው ጨርቅ ጨርቅ።
ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ።
ተረፈ ቀመሰና «ቡና ለወጥሽ እንዴ?» አለኝ፤
ያው የአብዱልናስር ነው፣ ያው ከረጢት፣ ያው ዱቄት።

አሁን ገመዱ ላይ ይሰጣል፣ ቡናማ ሆኖ፤
የኩለኒ እናት «ይሄ የማን ካልሲ ነው፣
አንድ እግሩ የጠፋ?» ትላለች።

ጀሶው የተፈታ ዕለት ሐኪሙ «እስቲ አዙሪው» አለኝ።
እጄን ዘረጋሁ፣
ቀስ አድርጌ፣ ከፍ አድርጌ፣
በባዶው አየር ላይ ቡና ቀዳሁ።
«ያምሻል?» አለ።
«ቆይ፣ ገና አልሞላም» አልኩት።