ከጥይት ሳጥን የተሠራ በርጩማ

ጨረታው ሲዘጋ፣ ከጦር ሰፈሩ በር፣
አሥራ ሁለት ሳጥን አስጫንኩ በጋሪ፣ አንዱን በመቶ ብር።
ክዳኑ ላይ ቀለም፦ የተጨባበጠ እጅ፣
ከሥሩ የማላነበው ፊደል፤
እንዲህ ሆነው ወረዱ፣ ሄርማታ፣ ከእንጨት ቤቴ ደጅ።

ክረምት ነበር። ጅሬን በጉም ተሸፍኖ፣
አዌቱ ደፍርሶ፣ የጅማ ጭቃ ማጥ ሆኖ፣
የጋሪው ፈረስ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆመ፤
ባዶውን እንኳ ከበደው፣ ደከመ።

እኔ የማውቀው ዋንዛ ነው።
ዋንዛ ሲጠረብ ይናገራል፣
የሚሰነጠቅበትን አስቀድሞ ይጠቁማል፤
ይሄ የባሕር ማዶ እንጨት ግን
ቅባት ጠጥቶ፣ ዝም ብሎ ይላጋል።

ሦስተኛውን ስፈታ፣ ከወለሉ ሥር፣ በሚስማር ተወግቶ፣
አንድ ወረቀት አገኘሁ፣ ጠርዙን ምስጥ ነክቶ።
መምህር ነጂብ፣ ወንበሩን ሊያስጠግን የመጣው፣
መነጽሩን በጋቢው ጠርጎ አነበበው፦
«እዚህ ላይ ስጦታ ይላል። እዚህ ታች ደግሞ፣ በትንንሽ ፊደል፣
መለዋወጫና ጥይት ለብቻው፣ በየዓመቱ ይከፈል።»

ሣቅን። ምን ይደረጋል?
ላሚቱ በነጻ ተሰጠች፤
ሣሯ ግን ከሰጪው ማሳ ብቻ፣ በሰጪው ዋጋ፤
ካልተገዛላት አትታለብም፣ ብትገዛም ትዋጋ!

ዓመቱ የፈረንጅ ነበር፤ ቀንሼ ቆጠርኩት፤
አባቴ አባ ዲጋ ሰባት ኩንታል ቡና
ለመጋዘን ያስረከበበት፣
ከክፍያው ላይ «ለእናት አገር» ተብሎ ተቆርጦ
ለእኅቴ ለሸምሲያ የትምህርት ቤት ጫማ የጎደለበት።
ከዚያ ቡና ስንቱ እፍኝ ስንት ጥይት ወጣው?
ሒሳቡን የያዘ የለም፤
አባቴም ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ እንጂ አልጠየቀው።

ሃምሳ አለቃ ጦና ግን አልሣቀም።
ክራንቹን ከበሩ አስደገፈ፤
«አንተ እንጨቱን ነው የምታውቀው» አለኝ፣ «እኔ ውስጡን፤
ከምሽግ ተቀምጠን፣ ሌሊቱ አልነጋ ሲለን፣
የመጨረሻዋን ካዝና ለሦስት ስንካፈል፣
ይሄ ሳጥን ባይደርስ፣
ዛሬ በርጩማ ሥራልኝ የሚልህ ጦና የለም፤
የምትሠራልኝ የሬሳ ሳጥን ነበር፣
እሱንም ሬሳዬ ከተገኘ።»

መጋዜን አስቀመጥኩ።
ነጂብም ወረቀቱን አጠፈ።

«ታዲያ» አለ ጦና፣ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«በሣልስቱ የማዶውን ምሽግ ስንይዝ፣
ጥግ ላይ ተደርድሮ አገኘነው፤
ያው ሳጥን፣
ያው የተጨባበጠ እጅ።»
ከዚያ ወደ እግሩ አየ፣
ወደሌለው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የሰው ብረትስ?
ያድናል እንዳልል፣ ከበሬ ላይ ቆሟል ጦና በአንድ እግሩ፤
አያድንም እንዳልል፣ ከበሬ ላይ ቆሟል
ያው ጦና፣ በነፍሱ።

ነገሩ ከአናጢ በላይ ነው። የማውቀውን ሠራሁ፤
ከሳጥኑ መቀመጫውን፣ እግሩን ግን ከዋንዛ፣
ሦስት አድርጌ። አራት እግር ለሲሚንቶ ወለል ነው፤
የእኛ ቤት መሬት ወጣ ገባ ነው፣
እዚህ የማይናጋው ባለ ሦስቱ ነው።

ስቆርጠው መጋዙ በሁለቱ እጆች መሐል አለፈ፤
አንዱ ከፍልጡ ጋር ወደቀ፣ አንዱ ከሥር ተረፈ።
የቀረው የሰጪው ይሁን የተቀባዩ
ገልብጠን አየነው፣ ለመለየት ሞከርን፤
ቀለሙ አንድ ነው።

«ስንት ነው?» አለኝ ጦና።
ስጦታ ነው ልለው
ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ፣ እዚያው ቆመ፣ እንደ ጋሪው ፈረስ።
«ስልሳ ብር» አልኩት።
ቆጥሮ ከፈለ።
ከዚያ ተቀመጠበት።