ገና

ልደታ ፍርድ ቤት በር፣ ከአጥሩ ጥግ ሥር፣
የአባቴ ጠረጴዛ፣ የአባቴ ወንበር፤
ጃንጥላው የቢራ ማስታወቂያ፣ ጫፉ የተቀደደ፣
ጽሕፈት መኪናው «ረ» ላይ መሰናከል የለመደ።
ለተካሰሰ ሁሉ፣ ለተፋታ፣ ቤት ለፈረሰበት፣
«ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ይላል፣ ጣቱ እስኪላጥበት።

እኔ ከሱ ማዶ፣ የባቡሩን ሐዲድ ተሻግሬ፣
ሶፍትዌር እማራለሁ፤ ደረጃ አራት ነኝ፣ ከሁለት ጀምሬ።
የአሥራ ሁለተኛ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልደረሰም፤
ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ ጠይቆም አይጨርስም።
«የት ደረሰሽ?»
«ቴክኒክና ሙያ።»
«እ… እሱም ጥሩ ነው» ይላሉ፣
ከንፈር ሳይመጥጡ፣ የመጠጡ ይመስላሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ለሦስት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር፣
ነኢማ ማውዙን ትይዛለች፣ እኔ ቅንፍ ስቆጥር፤
ከፍያለው ከኋላ ቆሞ «ዝጊው! ዝጊው!» ይላል፣
መብራት ሲሄድ ግን ከሁላችን በፊት እሱ ይሄዳል።
ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ እንደ ጫጩት፤
አምስት ደቂቃ አለን፤ ቶሎ በሉ፣ አስቀምጡት!
ፍላሼን ስነቅል ባቡሩ በመስኮት ያልፋል፣
ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞብኝ የሄደ ይመስላል።

ፕሮጀክታችን እቁብ ነው፣ የሰንጋ ተራ፣
ሠላሳ አባል ያለው፣ ሰኞ ሰኞ የሚጠራ።
ዳኛው ጋሽ ጥሩነህ፣ ብረታ ብረት ሻጩ፣ አደራ ብለውናል፦
«የደረሰው ድጋሚ እንዳይደርሰው፤ ሰው ዐይኑን ይጥላል።
ማሽን ዘመድ የለውም። እኔን ሰልችቶኛል ሐሜት፣ ሰልችቶኛል እንባ።»
ጻፍን። አስሮጥነው።
ዕጣው ለነኢማ እናት ወጣ።
ደግመን አስሮጥነው።
ለነኢማ እናት ወጣ።
ዐሥር ጊዜ። ነኢማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ደነገጠች፣
«እናቴን ሌባ ልታስብሏት ነው?» ብላ ወንበሩን ለቀቀች።

የብቃት ምዘናው በታኅሣሥ አጋማሽ ሆነ፣
እጄ ኪቦርዱ ላይ ደረቀ፣ ዐይኔ ስክሪኑ ላይ ባከነ፤
መዛኙ ቆሞ «አስሩጪው» አለኝ። አስሮጥኩት።
የነኢማ እናት።
ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሲጽፍ አየሁት።
ሰሌዳው ላይ ከሁለት ቃል ሌላ የለም፤ «ብቁ» ወይም «ገና»።
ትርሲት ዘለቀ፦ ገና።

ውጭ በግ በትከሻ ያልፋል፣ ዶሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፣
ሱቁ ሁሉ «መልካም ገና» ብሎ በብልጭልጭ ጽፏል።
እኔ ግን እንደ ተማርኩት፣
አንድ ነጠላ ሰረዝ ጣል አድርጌ አነበብኩት፦
«መልካም፣ ገና።»

አባቴ ውጤቱን አይቶ፣ መነጽሩን ሰቅሎ ወደ ግንባሩ፣
«ይሄማ የኛ ሰፈር ቃል ነው» አለ፣ ፍርድ ቤቱን እያሳየ በከንፈሩ።
«ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ስንት ማመልከቻ ተመለሰ!
በነገሩ አይደለም፤ ቀን ስለተረሳ፣ የአያት ስም ስላነሰ።
መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በደልሽን አትመዝንም፣
ቅጹን ነው የምታየው፤ አትቀየሚያት፣ ሌላ ሥራ የላትም።
ባለጉዳይ ይሳደባል። እኔ ከላይ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣
ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነበብ።
እስቲ ያንቺን አንብቢልኝ፣ ምንም አላውቅም፣ እሰማለሁ።»

በጃንጥላው ሥር፣ ባለጉዳይ መሀል፣ ድምፄን አውጥቼ፣
አነበብኩለት፣ ኮዱን ወደ አማርኛ ፈትቼ፦
«ካንድ የሚያንስ ቁጥር፣ እንደ ዕድል፣ አምጣ፤
ሽርፍራፊውን ጣል፤ በሠላሳ አባዛ፤ በዚያ ቁጥር ዕጣ ይውጣ…»
እጁን አነሣ። «ቆይ። ካንድ የሚያንሰውን፣ ሽርፍራፊውን ከጣልሽው፣
ምን ተረፈሽና ነው በሠላሳ ያባዛሽው?»

ባዶ።
ሁልጊዜ ባዶ። ማሽኑ ደግሞ ከባዶ ነው መቁጠር የሚጀምረው፤
የነኢማ እናት ቀድመው ተመዘገቡ፣ ጥፋታቸው ይኼው ነው።

ተራዋን የምትጠብቅ ሴትዮ «የኔስ?» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች፣
የአባቴም ጣት ወደ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ተመለሰች።

ለነኢማ ደወልኩ፦ «ቅደም ተከተሉ ነው፤ አባዢ፣ ኋላ ጣዪ።»
ዝም አለች። «እናቴስ? እስቲ አስሩጪና እዪ።»

ደረጃውን እየወጣሁ ነው። የድጋሚ ምዘና ክፍያ አለ፤ ቀኑ አልተለጠፈም።
ዩፒኤሱ እስከ ታች ይሰማል።
መብራት የለም፣
ገና። ይመጣል።