የአራተኛው ዓሣ ዋስ

ኦውሉ ላይ፣ በጥር፣ ፀሐይ ለሥራ ሰዓት ብቻ ትመጣለች፤
እንደ ተላላኪ ደርሳ፣ ፊርማ ሳትጠብቅ ትወጣለች።
እኛ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከአራቱ ማሽኖች መሃል፣
እኩለ ሌሊት ላይ የሚያልቅ ሰርተፍኬት ይዘናል።

አራት ሰርቨሮች ናቸው፣ በዓሣ ስም የተጠሩ፤
ሃውኪ፣ አህቬን፣ ሎሂ፣ ማዴ፣
ወንዙን ትተው ሽቦ ላይ የሰፈሩ።
የሐኪሙ፣ የነርሷ፣ ወለል የሚወለውለው ሰውዬ ስም፣
ማን የትኛውን በር እንደሚከፍት፣ ማን እንደማይከፍትም፣
እነሱ ዘንድ ተመዝግቧል። አንዱ የሰማውን ሌላው ይደግማል፤
አዲስ ሰው ሲቀጠር ወሬው ከሃውኪ ወደ ሎሂ ይቀዳል።

«እስከ ዛሬ» አለች ቱሊኪ፣ ጨዋማ ጥቁር ከረሜላዋን እየመጠጠች፣
«እያንዳንዱ ለራሱ ዋስ ነበር»፤ መነጽሯን አወለቀች፤
«ማነህ ሲሉት፣ እኔ። ማን ያውቅሃል ሲሉት፣ እኔ።
በእንዲህ ያለ ምስክር፣
እንኳን የመድኃኒት መጋዘን፣ መቅዘፊያም አላውስ እኔ።»

ስለዚህ ዋስ ጠራን፤ የዋሶች ሁሉ ሥር፣
ቁልፉ ከካዝና የማይወጣ፣ ከመንገደኛ የማይነጋገር።
እሱ ለመካከለኛው ፈረመ፣ መካከለኛው ለእኛ፤
ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ቢጎድል፣ አያምነንም ዳኛ።

ሃውኪ ተቀበለ። መብራቱ አረንጓዴ።
አህቬንም ተቀበለ።
ሎሂ፣ የመካከለኛውን ፊርማ ረስቼበት አንዴ፣
አኮረፈ፤ ጨመርኩለት፤ ታረቀ።
ቀረ ማዴ።

ሦስቱ ዓሦች «ከዚህ ጋር አንነጋገርም» አሉ፤
በፖርት ስድስት መቶ ሠላሳ ስድስት ያንኳኳሉ፣
ይከፍትላቸዋል፤
ወረቀቱን አይተው ደጁ ላይ ይመለሳሉ።
ሰዓቱን አየሁ፤ አልዘገየም። ቁልፉን ከወረቀቱ አጋጠምኩ፤ ልክ።
የእልህ እንጂ የብልሽት አይመስልም መልክ።
እኩለ ሌሊት ሊሆን ሃያ ደቂቃ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነርስ ሄልቪ፣ ካርዷን በአንገቷ አንጠልጥላ፣
ከበር በር ትዞራለች፤
እኛን አታውቅም፣ እኛም እሷን፣ ከስሟ ሌላ።

ከዚያ ቱሊኪ ሳቀች። በረጅሙ፣ ብቻዋን ሳቀች።
ጣቷን ከወረቀቱ፣ ከስሙ መስመር ላይ አሳረፈች፦
«ሲካ ይላል።»
ሲካ?
«ሟቹ ቬይኮ ነው ሲካ ብሎ የሰየመው፤
እኔ ማዴ ያልኩት ጡረታ በወጣ ማግስት ነው፤
በጥር ከበረዶ ሥር ነቅቶ የሚዋኝ ዓሣ ስለሆነ።
መንደሩ ሁሉ ማዴ እያለ ይጠራዋል፤
እሱ ግን ለፊርማ ሲቀርብ፣ የጥንት ስሙን ይጽፋል።»

ዝም አለች። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ።
«እኔም» አለች፣ «ከፍቺው በኋላ የአባቴን ስም መልሼ ወሰድኩ፤
በማግስቱ ከዚሁ ቤት በር ላይ ቆሜ አረፈድኩ።
ሃያ ዓመት ያየኝ ዘበኛ፣ እጁን በደረቱ አጣጥፎ፣
ፊትሽን አውቀዋለሁ፣ ወረቀትሽን ግን አላውቀውም አለኝ።
አልዋሸም እኮ። አልዋሸንም፣ እሱም፣ እኔም፤
ሁለቱን ሴቶች አንድ የሚያደርግ ወረቀት ግን አልነበረም።»

አዲስ ማመልከቻ ጻፍን፤ በአንድ ወረቀት ሁለት ስም፤
ጎረቤት የሚጠራበት፣ ሟች ያወጣለትም።
ዋሱ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ፈረመ።
ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣
ማዴ ተነሥቶ ሎሂ የነገረውን ደገመ።

ይህም ዓመቱ ሲሞላ ያልቃል። ያን ጊዜ እሷ የለችም።
ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፌ ማዴ ግንባር ላይ ለጠፍኩ፤
ከሥሩ ሁለቱንም ስሞች፣ በትልቁ።

ቱሊኪ የበረዶ ጫማዋን አሰረች። ለመንጋት ብዙ ይቀራል።
ካርዷን አስጠጋች፤ አረንጓዴው በራ፤
ለአፍታ ቆመች፣
በየትኛው ስሟ እንዳሳለፋት ልትጠይቀው የፈለገች መሰለኝ።
ከዚያ ወጣች፤
በረዶው ከእግሯ ሥር ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ።