የጸጥታ ካርታ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጸጥታ አስከበርኩኝ፣
ጣቴን ከንፈሬ ላይ ዘብ አቁሜ ኖርኩኝ።
ታርቱ ከነወንዟ በረዶ ስትለብስ፣
ተማሪው ካፖርቱን እያራገፈ ሲገባ ሲመለስ፣
የወንበር እግር ሲጮህ፣ ብርቱካን ሲላጥ፣
ቀና እላለሁ እኔ፤ ሁሉም ቀጥ፣ ሁሉም ጸጥ።

ታኔል የመጣ ለት ጥቅምት ነበር መሰለኝ።
(ወሩን ልስት እችላለሁ፤ ሹራቡ ግን አይጠፋኝም፣
ገልብጦ ነው የለበሰው፣ ስፌቱ ገላውን እንዳይነካው።)
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጥግ፣
ስለ ድንጋይ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ዘረጋ፣
ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር፤
ከጉሮሮው ሥር አንዲት ቀጭን ዜማ፣ እንደ ንብ የምትዞር።

ሄድኩና «እሽሽ» አልኩት።
አየ፤ እኔን ሳይሆን የደረቴን ባጅ።
«እርስዎ ቤት ድምፅ በዝቷል» አለ፣
«የእኔዋ መሸፈኛ ናት።»
መጽሐፉን ዘጋ፣ ወጣ።
በሩ ላይ ማሽኑ ጮኸበት፣ የሰረቀ ይመስል፤
ጆሮውን ይዞ ሮጠ።
እኔም ለባልደረባዬ ለራይት «ባለጌ ልጅ» አልኩት።
ይህን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው።
ባለጌ አልኩት።

ማታ ቤቱ ሲዘጋ፣ ለምን እንደሆን እንጃ፣
እሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።
መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ምንም።
ቀጥሎ ከራሴ በላይ፣ ከጣሪያው፣ አንድ ነገር፦ ዝምምም…
ያ ረጅሙ አምፖል ነው፣ ነጩ፣
እንደ ጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ።
ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ ተመላልሻለሁ፤
ዛሬ ገና ሰማሁት። ከሰማሁ ወዲያ መች አልሰማም እላለሁ?
የመጽሐፍ ጋሪው ጎማ ሲያለቅስ፣ የአየር ማስወጫው ሲያቃስት፣
ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ጸጥታ ብዬ ስጠብቀው የኖርኩት ቤት
ለካ ገበያ ኖሯል፣ እኔ የማልሰማበት።

ለአስተዳደሩ ጻፍኩ። መልሱ በአርባ ቀን መጣ፦
«አምፖሉ ከሚመጣው ዓመት በጀት ይውጣ።»
የጋሪውን ጎማ ከቤት ባመጣሁት ዘይት፣
የወንበሩን እግር በሟች ባሌ ካልሲ ሸፈንኩት በሌሊት።
አምፖሉንም (ለኃላፊው አትንገሩ)
መሰላል ላይ ወጥቼ በገዛ እጄ ፈታሁት።

ለታኔል ደብዳቤ ሰደድኩ።
ይቅርታ የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተሰረዘብኝ፤
የቀረው ይህ ብቻ ነው፦
«ቤቱን የምትሰማው አንተ ነህ። የቱ ጋ ነው የሚያመው?»

በታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ፣ በሩን ሳልከፍት ቆሞ አገኘሁት፣
ባለ አራት ማዕዘን ደብተር፣ ባለ ቀለም እርሳስ፣ ሰላምታ የለ።
ሦስት ቀን ፎቅ ለፎቅ ዞረ።
ቀይ፦ ማተሚያ ማሽኑ፣ ደረጃው ሥር።
ቢጫ፦ የሚሸተው ምንጣፍ።
ሰማያዊ፦ ከኋላ ሰው የማይመጣበት ወንበር።
አረንጓዴ አንዲት ብቻ፦ ከመጽሔት ክፍሉ ጀርባ ያለችው ጓዳ፣
እኔ ተደብቄ ምሳዬን የምበላባት።
ለምን እዚያ እንደምበላ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።
እኔም ራሴን።

ካርታው ዛሬ ከእሳት መውጫው ካርታ ጎን ተሰቅሏል።
ካይሳ፣ የሕግ ተማሪዋ፣ ጠረጴዛ ሥር ተጋድማ ታነባለች።
ፊደል የሚሸሸው አንድ ልጅ መጽሐፉን በጆሮው ይሰማል፣
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የሚጸልይ ይመስል።
አንድ ፕሮፌሰር «ይህ ምንድን ነው፣ መዋለ ሕፃናት?» አሉኝ፤
ሰማያዊውን ወንበር አሳየኋቸው።
እስካሁን አልለቀቁትም።

ታኔልማ አረንጓዴዋን አልወሰደም፤
«እርስዎ ይብሉባት» አለ፣ ባጄን እያየ።
እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አምፖል በሌለበት ጥግ፣
ከድንጋዮቹ ጋር፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።
ዜማዋ ትሰማኛለች።
ጣቴ ወደ ከንፈሬ ይነሣል፣ ልማድ ነው፤
መንገድ ላይ ያፍርና
መነጽሬን ያስተካክላል።