ድርና ማግ

በታምፔሬ፣ ወንዝ ዳር፣ ሥራ ባቆመ የጨርቅ ፋብሪካ፣
አይኒኪ ክብ ጠረጴዛ ሠራች፣ ስትፈታ ስትለካ።
ከመስተዋቱ ሥር ካሜራ፣ ከላይ አምስት የእንጨት ኩብ፤
አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ዋሽንት፣ አንዱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ጎረምሳ ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘ፤
ሌላው እጁን ኪሱ ከቶ ዳር ቆሞ ተከዘ።
ሌሊቱን ሕጉን ቀየረች፦ ብቻውን ያለ ኩብ ድዳ ይሁን፤
ከማዶ መላሽ እስኪያገኝ፣ እንዳያወጣ ድምፁን።

በማግስቱ ሄልቪ መጣች፣ እዚሁ ሸማኔ የነበረች ዱሮ፤
መኪናው ሠላሳ ዓመት ጮሆ የወሰደባት ጆሮ።
ኩቧን አኑራ መዳፏን ዘረጋች፤ መስተዋቱ ይርገበገባል።
«ድሩ የኔ ነው፤ ማጉን ወርውር!»
ጎረምሳው ደንግጦ ይወረውራል።

አይኒኪ ደብተሯ ላይ፦
«ጠርዙ ይሳሳ። መዳፍም ይሰማል።»