ላልታወቀ ልክ

ዓርብ የኔ ቀን ናት፤ ከስምንት እስከ ማታ።
ሐወሊ ወረድኩ፤ ሰባ ዲናር በሻሼ ጫፍ፣
ቋጠሮውን ዐሥሬ የምነካካ፣ ልክ እንደ በሽታ።

ሻፊቅ ይባላል ባለሱቁ፤ የኬረላ ሰው፣
ሰባት ላፕቶፕ ከፍቶ ፊቴ የደረደረው።
ቋንቋችን የሰው ነው፣ ስብርባሪ ዐረብኛ፤
ቁጥር ላይ ስንደርስ ግን አንሳሳትም እኛ።

«ለማን ነው?» «ለእህቴ። ጅማ ደርሷታል።»
«ምን ልትማር?» «ገና ነው። ዲፓርትመንት ከርሞ ይመጣል።»
ራሱን አከከ።
«ሐኪም ከሆነች ይኸኛው፣ መሐንዲስ ከሆነች ያኛው፣
ሒሳብ ብቻ ከሆነማ ይበቃታል የወዲያኛው።»

ስለያት ቁመቷ እስከዚህ፣ እስከ ወገቤ ነበር፤
አሁን የማውቀው ፊቷን ነው፣ ያውም ኔትወርክ ሲኖር።
እናታችን ባቲ ገበያ ጫማ ስትገዛልን
ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጋ፣ ጫፉን ጨርቅ ትሞላልን፤
«እግር ያድጋል» ትል ነበር። እኔም ሻፊቅን «በል፣
ራሙን ከፍ አድርገው» አልኩት፤
ጨርቁን በሐሳቤ ጠቀጠቅኩት።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። እሱ ስለ ጊጋ ባይት ሲያወራ
አንዱን ገልብጬ በመዳፌ መታ መታ፤
የብስኩት ፍርፋሪ ረገፈ፣ አንድ ነጭ ፀጉር፣ የጥፍር ስባሪ።
ሻፊቅ ዝም አለ።

ስድስት ዓመት የማዳምን ልጅ ላፕቶፕ ያጸዳሁት እኔ ነኝ፣
ጥጥ በስንጥር ጠምጥሜ፣ በየፊደሉ መሀል፣ ማንም ሳያየኝ።
የት እንደሚሰበር አውቃለሁ፦ ማጠፊያው መጀመሪያ፣
ቀጥሎ የቻርጀሩ አንገት፣ ከዚያ የስክሪኑ ጥግ፣ ከወዲያ።
ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅም። አንዴ በኔ ተሳብቦ
ከደሞዜ ሠላሳ ዲናር ሄዷል፣ በሦስት ወር ተሰብስቦ።

ብርማው ቀጭን ነው፣ እንደ ምላጭ ስለቱ፤
የዚያኛውን ቤት ይመስላል፤ ፈራሁት ከነውበቱ።
ሰፊውን አነሳሁት፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል፣
ሻንጣ አድራሿ ደግሞ በኪሎ ታስከፍለኛለች። ይቅር።

ጥቁሩ ያገለገለ ነው። ክዳኑ ላይ የተላጠ ወረቀት፣
የሆነች ተማሪ ስም ይሆን? በዐረብኛ ነው፤
ስምንት ዓመት ስናገረው ፊደሉን ግን አላውቀው።
ማጠፊያው አልተንቋቋም። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤
እንደ በር ሳይሆን እንደ መጽሐፍ።
«የአማርኛ ፊደልስ?» «አለ፣ ከሥር ነው» ብሎ ነካካው፤ ሀ ስል ወጣ።
እሱም እንደኔ ጓዳ ያድራል፣ ሲጠሩት ብቻ የሚመጣ።

ረውዳ ቀለም አልመረጠች፤ በድምፅ ይቺን ብቻ ላከች፦
«እታለም፣ ዶርም መብራት ይጠፋል አሉ፤ ባትሪዋ ስንት ሰዓት ትቆያለች?»
ስለዚህ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ።
ሻፊቅ ሻይ አስመጣ፤ ከኋላዬ የነበሩት ገዝተው ሄዱ ሁሉ።
ፊልም ከፈትንበት፣ ድምፁን ዘግተን፣ መቶው ሲቀንስ እያየን፤
ሰባ አምስት አለኝ፣ ስድሳ አልኩት፣ ስድሳ ስድስት ላይ ተገናኘን።
«ላንቺ ብዬ ነው» አለ። ለሁሉም እንደሚል አውቃለሁ፤
«ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ።»

ማታ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ካልጋዬ ሥር፣ በፎጣ
ጠቅልዬ አስገባሁት፣ ሐሙስ ሻንጣ አድራሿ እስክትመጣ።
እንቅልፍ ግን እምቢ አለ። አወጣሁት፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ።
«ረውዳ» ጻፍኩ፤ አጠፋሁ። የራሴን ስም ጻፍኩ፣
እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ጣት ፈልጌ።
ከዚያ ከዐሥረኛ ክፍል የቀረችኝን አንዲት ቀመር፤
ልክ ትሁን አትሁን የሚነግረኝ የለም።
አጠፋኋት።

ጥጉ ላይ ዘጠና አራት ይላል። መቶ ነበር ሳስቀምጠው።
ረውዳ፣ ስትከፍቺው ስድስቱ የት ሄደ ካልሽ፣
እኔ ነኝ የበላሁት።
ቻርጅ አድርጊው።